ስሙን ያላወቅነው የግቢ ዛፍ፦ ምንድን ነው? ነቅሎ ማዛወርስ ይቻላል? (ደብረ ብርሃን)

የጠባሴዋ · ግንቦት 2

ሰላም ለሁላችሁ። ግቢያችን ደብረ ብርሃን፣ ጠባሴ ነው። አጥሩ ሥር ማን እንደተከለው የማይታወቅ ዛፍ አለ። ምን እንደሆነ የሚያውቅ ካለ እንዲነግረኝ፣ ደግሞም ነቅሎ ወደ ግቢው መሃል መውሰድ ይቻል እንደሆነ ለመጠየቅ ነው።

ልኩ ይኸው። ቁመቱ 2 ሜትር ከ40 ሴንቲ ነው። ግንዱ ከመሬት አንድ ስንዝር ያህል ከፍ ብሎ ሲለካ ውፍረቱ 4 ሴንቲ ነው፤ ዙሪያውን ሳይሆን ከጎን እስከ ጎን። አንድ ቀጥ ያለ ግንድ ነው፣ እሾህ የለውም፣ አበባም ፍሬም አልታየበትም። ቅጠሉ እንደ ላባ የተሰነጣጠቀ ነው። ችግሩ ያለበት ቦታ ነው፤ ከድንጋይ አጥሩ 40 ሴንቲ ብቻ ይርቃል፣ በላዩ ደግሞ የመብራት ገመድ ያልፋል። አፈሩ መረሬ፣ ማለትም ጥቁር ጭቃማ አፈር ነው፣ ክረምት ላይ ውሃ ይተኛበታል። የታሰበለት አዲስ ቦታ ከቤቱ 7 ሜትር፣ ከአጥሩ 6 ሜትር ይርቃል።

አንዱ ጎረቤት ጃካራንዳ ነው ይላል፣ አንዱ ሰሳ፣ አንዷ ደግሞ የድሬዳዋ ዛፍ ነው ትላለች። የስልክ መተግበሪያውም በእያንዳንዱ ፎቶ የተለያየ ስም ነው የሚሰጠኝ። መቼ ይነቀል? ምን ያህል ይቆፈር? የዳፕ ማዳበሪያ ይደረግበታል?

ወፍ ዋሻ · ግንቦት 2

የድሬዳዋ ዛፍ የሚለውን ከአሁኑ ሰርዢው። ሸዋ ሮቢት ቢሆን እሺ፤ እዚያ ከፍታው 1300 ሜትር ገደማ ነው። ደብረ ብርሃን 2800 ሜትር አካባቢ ላይ የድሬዳዋ ዛፍ የመጀመሪያውን የጥቅምት ውርጭ አያልፍም። ከሰው ቁመት በላይ ሆኖ ቆሞ መገኘቱ ብቻውን መልስ ነው።

ሌሎቹን ግን ከሩቅ በተነሳ ፎቶ መለየት አይቻልም፤ ስልክሽ የሚዋልለው ለዚህ ነው። ዛፉ ሥር ቁሚና እነዚህን ተመልከቺ።

መጀመሪያ ቅጠሉ ከቅርንጫፉ ጋር የሚያያዝበትን ቦታ እዪ። ቅጠል ስል ትንንሾቹን ሳይሆን ከነዘንጉ ያለውን ሙሉውን ነው፤ ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። ሁለት ሙሉ ቅጠሎች ከአንድ አንጓ ፊት ለፊት ጥንድ ሆነው ከወጡ ጃካራንዳ ሊሆን ይችላል። አንዱ በቀኝ፣ ቀጣዩ ትንሽ ከፍ ብሎ በግራ እየተፈራረቁ ከወጡ ጃካራንዳ አይደለም፤ እዚያው ላይ ያልቃል።

ቀጥሎ ቅጠሉን ገልብጪና የውስጥ ጎኑን ከላዩ ጋር አስተያዪው። ቀለሙ አንድ ነው ወይስ ይለያያል? ጸጉር አለው? ሲመሽ ደግሞ ተመልሰሽ እዪው፤ ሰሳ ከሆነ ትንንሾቹን ቅጠሎች ጥንድ ጥንድ አድርጎ ያጥፋቸዋል፣ በዘንጉ ሥርም ጠብታ የምታክል እብጠት አለችው። ዲከረንስ የሚባለው የውጭ ግራር ከሆነ ለጋው ቅርንጫፍ ክብ አይሆንም፤ በጣት ሲዳሰስ ጠርዝ ጠርዝ አለው። የቁንዶ በርበሬ ዛፍ ከሆነ አንድ ቅጠል በጣትሽ ጨፍልቀሽ አሽትቺ፣ ሽታው ራሱ ይናገራል። በመጨረሻም ከሥሩ የረገፈ ቅጠል ካለ እንዴት ሆኖ እንደደረቀ ንገሪን።

የጠባሴዋ · ግንቦት 4

ቅጠሎቹ ተፈራርቀው ነው የሚወጡት፣ ጥንድ የለም። ሙሉው ቅጠል ከነዘንጉ 25 ሴንቲ ይሆናል። ላዩ ጠቆር ያለ አረንጓዴ ነው፤ ሲገለበጥ ግን ብርማ ነጣ ያለ ነው፣ በጥፍር ሲጫር ሐር የመሰለ ስስ ጸጉር ይነሳል። ጫፉ ላይ ያለው ለጋ ቡቃያ ዝገት የመሰለ ቡናማ ጸጉር ለብሷል። ሲመሽ አይታጠፍም፣ ሽታም የለውም፣ ለጋው ቅርንጫፍ ክብ ነው። የረገፉት ቅጠሎች ሳይበታተኑ ሙሉ እንደሆኑ ደርቀዋል።

ወፍ ዋሻ · ግንቦት 4

ግራቪሊያ ነው። ብርማው የውስጥ ጎንና ዝገት የመሰለው ቡቃያ አንድ ላይ ከተገኙ ሌላ የምንፈልገው የለም። ጃካራንዳ ቢሆን ትንንሾቹ ቅጠሎች አንድ አንድ እያሉ ይረግፉና ዘንጉ ራቁቱን ይቀር ነበር። ያንቺው ሙሉ ሆኖ የሚወድቀው ስንጥቆቹ የአንድ ቅጠል አካል ስለሆኑ ነው፤ ለብቻቸው የቆሙ ቅጠሎች አይደሉም። ልጅ እያሉ ሁለቱን የሚያምታታው ሰው ብዙ ነው፣ ችግኝ ሻጩም ጭምር።

መገኛው ምሥራቅ አውስትራሊያ ነው፣ ኩዊንስላንድና ኒው ሳውዝ ዌልስ። በምሥራቅ አፍሪካ ለቡናና ለሻይ ጥላ ተብሎ በሰፊው ተተክሏል። ከተመቸው ከ20 እስከ 30 ሜትር ይደርሳል፤ ደጋ ላይ ዝግ ይላል እንጂ ትንሽ ዛፍ ሆኖ አይቀርም። አበባው ወርቃማ ብርቱካንማ ነው፣ እንደ ጥርስ ብሩሽ ወደ አንድ ወገን የተደረደረ፣ ንብ የሚወደው። ከስድስት ዓመት በፊት ግን አትጠብቂው።

ስሙን ለማወቅ ይህን ያህል የደከምነው አነቃቀሉ በስሙ ስለሚወሰን ነው። ጃካራንዳ ቅጠሉን ሲያራግፍ ጠብቀው ቢነቅሉት ይችለዋል። ግራቪሊያ ዓመቱን ሙሉ ቅጠል ስለሚሸከም እንዲህ ያለ የእረፍት ጊዜ የለውም፣ ሥሩን ሲነኩበትም ያኮርፋል። ጥቃቅን ሥሮቹ ጫፍ ጫፍ ላይ እንደ ጠርሙስ ማጠቢያ ብሩሽ ተሰባስበው ይበቅላሉ፤ ምግቡን የሚለቅምባቸው እነሱ ናቸው። አፈሩ ተራግፎ ሥሩ ራቁቱን ከወጣ መጀመሪያ የሚያልቁት እነሱ ናቸው። ስለዚህ ከነአፈሩ ካልሆነ አይሞከርም።

ሌላም አለ፤ ጓንት አድርጊ፣ እጅጌሽንም አትሰብስቢ። የግራቪሊያ ቅጠልና የመጋዙ ብናኝ አንዳንድ ሰው ላይ ቆዳ ያሳክካል፣ ሽፍታም ያወጣል።

ደገኛው · ግንቦት 5

ልጄ፣ በጥሩ ጊዜ ነው የጠየቅሽው። ዛሬ ነቅለሽ ዛሬ ብትተክዪው ይሞታል። ሁለት ወር ካዘጋጀሽው ግን ሐምሌ ላይ ይነሳል።

ልኩ ከግንዱ ውፍረት ነው የሚወጣው። ለአንድ ሴንቲ የግንድ ውፍረት አሥር ሴንቲ የአፈር ኳስ ያዢ። ያንቺው 4 ሴንቲ ስለሆነ ኳሱ ከጎን እስከ ጎን 40 ሴንቲ ይሆናል፤ ከግንዱ ወደ ውጭ ደግሞ 20 ሴንቲ ማለት ነው። አንድ ችካል ግንዱ ላይ በሲባጎ እሰሪና 20 ሴንቲ ላይ ዙሪያውን መሬት ላይ አስምሪ። ክቡን እንደ ዳቦ አራት ቦታ ክፈይው።

ግንቦት 8 አካባቢ ፊት ለፊት ያሉትን ሁለቱን ሩቦች ብቻ ቆርጪ። ከመስመሩ ውጭ አንድ አካፋ የሚያስገባ፣ 15 ሴንቲ ስፋትና 35 ሴንቲ ጥልቀት ያለው ቦይ አውጪ። የምታገኚውን ሥር ሁሉ በአካፋ አትበጥሺ፤ ጣት የሚያክለውን በመጋዝ፣ ከዚያ የቀጠነውን በመግረዣ መቀስ ቀጥ አድርገሽ ቁረጪ። የተቀደደ ሥር ይበሰብሳል፣ በንጹሕ የተቆረጠ ሥር ግን ከቁርጡ ጫፍ አዲስ ጸጉር ያወጣል። ቦዩን በወጣው አፈር መልሰሽ ሙዪው፤ አምስት እጅ አፈር ካለ አንድ እጅ የበሰለና የተነፋ ኮምፖስት ቀላቅዪበት። አትጠቅጥቂው። በሳምንት ሁለት ጊዜ አንድ ጀሪካን ውሃ፣ 20 ሊትር፣ ክቡ ውስጥ ቀስ ብለሽ አፍስሺ። ግንቦት ደረቅ ነው፤ ሥሩ ግማሽ የሆነበት ዛፍ ዝናብ እስኪመጣ አይጠብቅም።

ሰኔ 5 አካባቢ የቀሩትን ሁለት ሩቦች እንደዚሁ አድርጊ። አንዱ ሩብሽ ወደ አጥሩ ነው የሚያየው። እዚያ ከመስመሩ እስከ አጥሩ የሚተርፍሽ 20 ሴንቲ ነው፣ ዶማ ማወዛወዣ የለም። አካፋውን ቀጥ አድርገሽ በእግርሽ እየተጫንሽ ውረጂ፣ ከአጥሩ መሠረት በታች ግን አትሂጂ። ቦዩንም በዚያው ቀን ሙዪው። የድንጋይ ግንብ ሥር ክፍት ቦይ ትተሽ ዝናብ ቢያድርበት መሠረቱን ያላላዋል፣ ከዛፉ የሚበልጥ ጣጣ ታመጫለሽ። የውሃ ቧንቧ በዚያ በኩል ማለፍ አለማለፉን ቆጣሪውን ተከትለሽ አስቀድመሽ አረጋግጪ።

የሚነሳው ከሐምሌ 5 እስከ 15 ባለው ጊዜ ነው፤ ዝናቡ ገብቶ አፈሩ እስከ 40 ሴንቲ ከራሰ በኋላ፣ ደመናማ ቀን መርጠሽ። ያን ጊዜ መስመሩን 5 ሴንቲ ወደ ውጭ አስፊው፣ ኳሱ 50 ሴንቲ ይሁን፤ በሁለት ወር የወጣው አዲስ ሥር ያለው ከቁርጡ ውጭ ባለችው አፈር ውስጥ ስለሆነ እሷን ትተሽ ከመጣሽ የሁለት ወር ድካምሽ አጥሩ ሥር ቀረ ማለት ነው። ይህን የሚረሳ ብዙ ነው።

35 ሴንቲ ጥልቀት ስትደርሺ ከሥሩ ወደ ውስጥ እየሸረሸርሽ እንደ ጀበና መቀመጫ አሹዪው። በመሃል ወደ ታች የሚወርድ ዋና ሥር ታገኛለሽ፤ እሱን በመጋዝ ቁረጪ፣ ዛፉን እየወዘወዛችሁ ለመገንጠል አትሞክሩ። ኳሱን የሚሰነጥቀው ውዝወዛው ነው። በአንድ ጎን አዘንብላችሁ እርጥብ ጆንያ ከሥሩ አስገቡ፣ በሌላው ጎን አዘንብላችሁ ጎትቱት፣ ከዚያ ጠቅልላችሁ በሲባጎ ጥብቅ አድርጋችሁ እሰሩ። ክብደቱ 80 ኪሎ ገደማ ይሆናል። ግንዱን ይዞ ማንሳት ክልክል ነው፤ ባሬላ ላይ ተንከባሎ ይውጣ፣ አራት ሰው ይያዘው።

ጓሮዬ · ግንቦት 5

ጋሼ ጥሩ አድርገው አስረድተዋል። እኔ የምጨምረው፣ አዲሱ ጉድጓድ ውስጥ አንድ እፍኝ ዳፕና ሁለት አካፋ ፍግ ከታች አድርጊበት፣ ከላይ አመድ ነስንሺ። ቶሎ ይይዛል።

ወፍ ዋሻ · ግንቦት 5

ጓሮዬ፣ ለጎመን ቢሆን እሺ። ለዚህ ዛፍ ግን ሦስቱም አይሆኑም።

ግራቪሊያ ያ ብሩሽ የመሰለ ሥሩ የተሠራው ፎስፈረስ ከጠፋበት አፈር ውስጥ ጥቂቷን አሟጦ ለመልቀም ነው። የተትረፈረፈ ፎስፈረስ ሲያገኝ በቃኝ ማለት አይችልበትም፤ ይጠጣውና ቅጠሉ ይገረጣል፣ ጫፉ ይቃጠላል። ከዘመዶቹ ሲተያይ ግራቪሊያ ቻይ የሚባለው ነው፣ ቆሞ ያደገ ዛፍ ላይ ብዙም ላይታይ ይችላል። ሥሩ የተቆረጠ ላይ ግን መሞከር አይገባም። ዳፕ 46 በመቶ ፎስፌት ነው፤ ኤንፒኤስ የሚባለው ማዳበሪያም 38 በመቶ አለው። በዚያ ላይ የትኛውም የፋብሪካ ማዳበሪያ ጨው ነው፤ ቁርጥ ሥር ላይ ሲያርፍ ውሃውን ይመጥበታል። ዩሪያም ያው ነው።

ፍግ ትኩስ ከሆነ ሲብላላ ይሞቃል፣ ሥሩን ይቀቅለዋል። ቢያንስ ስድስት ወር የቆየ፣ ሽታው የጠፋና በእጅ ሲታሸ የሚፈረፈር ከሆነ ጥቂት ከአፈሩ ጋር መቀላቀል ይቻላል፤ ከኳሱ በታች ማንጠፍ ግን አይሆንም፣ ፍጉ እየበሰበሰ ሲሰጥም ዛፉም አብሮ ይሰጥማል። አመድ የአፈሩን አሲድነት ያጠፋል፤ ያኔ ብረት ለዛፉ አይደርሰውም፣ አዲስ የሚወጣው ቅጠል ጅማቱ አረንጓዴ ሆኖ ሌላው ይቢጫል።

በኛ አገር ደግሞ አንድ የሚያጓጓ ነገር አለ፤ ከጋይ፣ ማለትም ለእርሻ ተብሎ ከሚቃጠለው ማሳ የተረፈ አፈር። ተቃጥሎ ስለሚፈረፈርና ከመረሬ ጋር ሲተያይ ለሥራ ስለሚመች ለችግኝ የሚወስደው አለ። ለገብስ የሚስማማበት ምክንያት ማቃጠሉ ፎስፈረሱን ስለሚፈታው ነው፣ ለግራቪሊያ የማይሆነውም በዚያው ምክንያት ነው።

ማዳበሪያ ሳይደረግበት ይተከል። የመጀመሪያው ዓመት ምግቡ ውሃና አየር ነው።

የጠባሴዋ · ግንቦት 6

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ጋሼ፣ ውሃ የሚተኛበት መረሬ ላይ ጉድጓዱን ምን ያህል ላጥልቀው? ነጋዴዎቹ አንድ ሜትር በአንድ ሜትር ይላሉ። ቅጠሉንስ ልቀንስለት?

ደገኛው · ግንቦት 6

አንድ ሜትር ጥልቀት በመረሬ ገንዳ መሥራት ነው። ዙሪያው ውሃ የማያሳልፍ ጭቃ፣ ውስጡ የላላ አፈር ከሆነ የግቢው ጎርፍ ሁሉ እዚያ ይገባል፣ ዛፉም ቆሞ ይሰጥማል። ሥር ውሃ ውስጥ ሲተኛ አየር ያጣና ይታፈናል፤ ቅጠሉ ሲጠወልግ ሰው የጠማው መስሎት ይጨምርበታል።

አሁኑኑ ሞክሪው። አዲሱ ቦታ ላይ 30 ሴንቲ ጉድጓድ ቆፍሪ፣ በውሃ ሙዪ፣ እስኪሰርግ ተዪው፣ እንደገና ሙዪና በዱላ ለኪ። በሰዓት 2 ሴንቲ ተኩል ወይም ከዚያ በላይ ከወረደ ደህና ነው። ካልወረደ ከፍ አድርገሽ ነው የምትተክዪው።

አተካከሉ እንዲህ ነው። ጉድጓዱ ስፋቱ አንድ ሜትር ከሃምሳ፣ ጥልቀቱ 20 ሴንቲ ብቻ ይሁን። ኳሱ 35 ስለሆነ 15 ሴንቲው ከመሬት በላይ ይቀራል፤ እሱን አፈር እየደገፍሽ ጉብታ አድርጊው፣ ጠርዙ እየተንሸራተተ ከሜዳው ጋር ይገናኝ። የእነዋሪ ገበሬ ለስንዴው ከፍ ያለ መደብ የሚያወጣው ለምን ይመስልሻል? መረሬን መታገል አይቻልም፣ ከፍ ብሎ መቀመጥ ነው። ከላይ በኩል ውሃ የሚመጣበት አቅጣጫ ካለ አንድ ትንሽ ቦይ አውጥተሽ አሳልፊው።

የጉድጓዱ ግድግዳ በእርጥብ መረሬ ላይ በአካፋ ሲቆረጥ እንደ ሸክላ ይለሰናል፣ ሥር አያስገባም። በዶማ ጫፍ ጭረሽ አሻክሪው። ኳሱን አስቀምጠሽ ሲባጎውን ፍቺ፣ ጆንያውን ከላይ ግማሽ ድረስ አውርደሽ ቁረጪ። የፕላስቲክ የማዳበሪያ ከረጢት ከሆነ የጠቀለላችሁበት ሙሉ በሙሉ መውጣት አለበት፤ እሱ አይበሰብስም። ግንዱ ወደ ሥር የሚሰፋበት ቦታ መታየት አለበት፤ አፈር ውስጥ ከተቀበረ ልጡ ይበሰብሳል። አፈሩን በሁለት ዙር መልሺ፣ በየዙሩ አንድ ጀሪካን ውሃ ቀስ ብለሽ አፍስሺ፤ አየሩን የሚያስወጣው ውሃው ነው። በእግር አትርገጪው፣ እርጥብ መረሬ ከተረገጠ ብሎኬት ነው የሚሆነው።

ሁለት ችካል ከኳሱ ውጭ ምቺ፣ አንዱ ነፋሱ በሚመጣበት በኩል ይሁን። ከመሬት 80 ሴንቲ ላይ በብስክሌት ከመነዳሪ ቁራጭ ላላ አድርገሽ እሰሪው። ትንሽ መወዛወዝ አለበት፤ ግንዱ የሚጠነክረው ሲወዛወዝ ነው። በዓመቱ ችካሉ ይወጣል። ሽቦ እንዳታስቢ።

ቅጠሉን በተመለከተ፣ ከታች በኩል ሲሶውን ቀንሺለት። የተቆረጠ ሥር ሙሉ ቅጠል አያጠጣም።

ወፍ ዋሻ · ግንቦት 6

ጋሼ፣ በዚህኛው አልስማማም፤ ይቅርታ ያድርጉልኝ። አዲስ ሥር የሚሠራው ቅጠሉ ባዘጋጀው ምግብ ነው፣ ሥር አውጣ የሚለው ትእዛዝም የሚወርደው ከጫፍ ቡቃያዎች ነው። ቅጠሉን ስንቀንስ ሁለቱንም እንቀንሳለን። ሲሶ መቀነስ የሚያስፈልገው በደረቅ ወቅት ለሚነሳ ዛፍ ነው። የደብረ ብርሃን ሐምሌ ጉምና ካፊያ ነው፣ ቅጠሉ የሚያተነው ውሃ ትንሽ ነው። የተሰበረና የደረቀ ብቻ ይውጣ፤ የመሃሉን ዋና ጫፍ ደግሞ ማንም እንዳይነካው፣ እሱ ከተቆረጠ ሁለት ሦስት ጫፍ ያወጣና ሲያድግ በነፋስ የሚሰነጠቅ ዛፍ ይሆናል። የግራቪሊያ እንጨት ተሰባሪ ነው።

ደገኛው · ግንቦት 7

እሺ፣ ሐምሌ ላይ ከተነሳና ኳሱ ካልተሰነጠቀ ይተው። ከተሰነጠቀ ግን ሲሶው ይውረድ፤ እዚያ ላይ አልለቅም።

ከሰም · ግንቦት 8

ሁሉም ትክክል ነው፤ ግን ማንም ያላነሳው ጥያቄ አለ፤ ድካሙ ያዋጣል ወይ? የሁለት ወር ዝግጅት፣ አራት ሰው፣ ከዚያ ደግሞ ዛፉ ተቆርጦ የቀረበትን ሥር እስኪተካ አንድ ሁለት ዓመት ከፍታ አይጨምርም። ከችግኝ ጣቢያ የሚገዛ 40 ሴንቲ የግራቪሊያ ችግኝ ሥሩ ሳይነካ በዚያው ሐምሌ ቢተከል ከጥቂት ዓመታት በኋላ እኩል ይደርስበታል። ነቅለሽም ቢሆን አንድ ችግኝ ለመጠባበቂያ ሌላ ቦታ ትከዪ። ስትገዢ የላስቲክ ከረጢቱን ከታች እዪ፤ ሥሩ እንደ ምንጣፍ ተጠቅልሎ ከዞረ ተዪው፣ እንዲህ ያለው ከዓመታት በኋላ ራሱን አንቆ ይወድቃል።

ሌላው ነገር ስድስት ሰባት ሜትር ርቀት ለአሁኑ ነው የሚበቃው። 20 ሜትር የሚሆን ዛፍ በትንሽ ግቢ ውስጥ ከተተከለ ቤቱ ላይ ነው የሚያዘነብለው። ግራቪሊያ ደግነቱ ቅርንጫፉን ቢጨፈጭፉት ይችላል፣ መልሶም ያቆጠቁጣል፤ በየሦስት በየአራት ዓመቱ ጎን ጎኑን እያወረድሽ ልትይዢው ትችያለሽ። ይህን ለማድረግ ካልፈለግሽ ግን አሁን ያለበትን ቆርጠሽ ለግቢሽ የሚመጥን ሌላ ዛፍ ብትተክዪ ይሻላል፤ ወይራ ለምሳሌ። ዝግ ይላል፣ ደጋውን ግን ያውቀዋል።

የጠባሴዋ · ግንቦት 8

መጠባበቂያውን እተክላለሁ፤ ይኼኛውን ግን መሞከሩ አይቀርም፣ ዛሬ ሁለቱ ሩቦች ተቆርጠዋል። በመጀመሪያው ሩብ አውራ ጣት የሚያክል ሥር ተገኘ፣ በመጋዝ ተቆርጧል። ውሃው ሙከራ ላይ በሰዓት 1 ሴንቲ ብቻ ነው የወረደው፤ ስለዚህ በጉብታ ነው። የቀረኝ የውርጩ ነገር ነው። ሐምሌ ተተክሎ ጥቅምት ላይ ምን ላድርግለት?

ወፍ ዋሻ · ግንቦት 9

ከሐምሌ እስከ ጥቅምት ያለው ሦስት ወር ሥር የሚይዝበት ነው፤ ሐምሌ ላይ ይነሳ የተባለው ለዚህ ነው። መስከረም ላይ ወይም በበልግ ዝናብ ተማምኖ መጋቢት ላይ የሚያዛውር ሰው አለ፤ የመጀመሪያው ውርጩ ሳይይዝ ይደርስበታል፣ ሁለተኛው የግንቦት ድርቅ ያገኘዋል።

ዝናቡ በየቀኑ እስካለ ድረስ ውሃ አትጨምሪ። ከመስከረም 20 በኋላ በየአራት አምስት ቀኑ አንድ ጀሪካን፣ ከጥር ወዲህ እስከሚቀጥለው ክረምት በሳምንት አንድ ጊዜ። ሁልጊዜ ከማጠጣትሽ በፊት ቀጭን እንጨት 10 ሴንቲ ወግተሽ አውጪ፤ ጭቃ ይዞ ከወጣ ተዪው። የምታጠጪው ጠዋት ከ4 ሰዓት በኋላ ይሁን። እርጥብ አፈር ቀን የሰበሰበውን ሙቀት ሌሊት ቀስ እያለ ስለሚለቅ ውርጭ በሚጠበቅበት ቀን አፈሩ ደረቅ ሆኖ ባያድር ይመረጣል።

የውርጭ ሌሊት ምልክቱን ታውቂዋለሽ፤ ሰማዩ ጥርት ያለ፣ ነፋስ የሌለበት ምሽት። ለዚያ ሌሊት ከዛፉ ከፍ ያሉ አራት እንጨቶች ዙሪያውን ተክለሽ ጆንያ ከላይ አልብሺ፣ ቅጠሉን እንዳይነካ። 11 ሰዓት ላይ ፀሐይዋ ሳትጠልቅ ይሸፈን፣ ጠዋት 3 ሰዓት ላይ ይገለጥ። ፕላስቲክ ከሆነ የነካው ቅጠል ሁሉ ከብርዱ ጋር ተጣብቆ ያድራል፣ ከላዩ ይጠቁራል። ጭድ ከሥሩ ማልበስ ለድርቁ ጥሩ ነው፤ ከጥቅምት እስከ ጥር ግን ገፋ አድርጊው፣ የአፈሩን ሙቀት ወደ ላይ እንዳይወጣ ይከለክላል። ክረምት ላይም ቢሆን ከግንዱ አንድ ስንዝር ያህል ራቅ ይበል።

ተጠንቅቀሽም ቢሆን የመጀመሪያው ዓመት ጫፉ ሊጠቁር ይችላል። የጠቆረውን ወዲያው አትቁረጪ። አስቀያሚ ቢሆንም ከሥሩ ያለውን ይሸፍንለታል፤ ደግሞ በጥር ብትቆርጪው ለጋ ያቆጠቁጥና ያንኑ ለጋ ቀጣዩ ውርጭ ይበላዋል። የካቲት መጨረሻ ድረስ ይቆይ።

ደገኛው · ግንቦት 9

አንድ ነገር ልጨምር። ጉብታው አካባቢ የፍልፈል ቁልል አፈር ካየሽ ቶሎ ተከታተዪው፤ የላላ አፈርና ለጋ ሥር አንድ ላይ ሲያገኝ ሌላ ቦታ አይሄድም። ዛፉ ያለ ምክንያት አንድ ጎን ከጠወለገ መጀመሪያ እሱን ጠርጥሪ።

ሞተ አልሞተ ለማለት ደግሞ አትቸኩዪ። ከተተከለ በኋላ ባሉት ሁለት ሳምንታት ቅጠሉ ቢያንቀላፋ፣ ከታች ያለው አሮጌው ቅጠል ቢቢጭና ቢረግፍ የተለመደ ነው። ከላይ ጀምሮ ከደረቀ ግን ግንዱን ከጫፍ ወደ ታች በየስንዝሩ በጥፍርሽ ፋቂ። ከልጡ ሥር አረንጓዴና እርጥብ ከሆነ ያለ ነው፤ ቡናማና ደረቅ ከሆነ እስከዚያ ድረስ ሞቷል፣ አረንጓዴው እስካለበት ዝቅ እያልሽ ፈልጊ። አረንጓዴ ካገኘሽ ከእሱ ሁለት ጣት ከፍ ብለሽ የካቲት መጨረሻ ላይ ቁረጪውና እስከሚቀጥለው ሐምሌ ጠብቂው። እስከ መሬት ድረስ ቡናማ ከሆነ የከሰምን ችግኝ እዚያው ጉብታ ላይ ትተክያለሽ፤ ጉብታው የተዘጋጀ ነው።